በኢንተርኔት የሚወጣ የንግድ ማስታወቂያ፤ ከፋዩ፣ ተቀባዩና ተመልካቹ

ሸቀጥ ካልተነገረለት ገዥ እንደማያገኝ ለነጋዴ ማስረዳት ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቆጠራል። የደሴ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ዕቃውን ሲያስነግር የኖረ ነው። በሰኞ ገበያ በአፉ እየጠራ፣ በፒያሳና በሸዋ በር ከሱቁ ግንባር ላይ ታፔላ እየሰቀለ፣ ኋላም በመኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ሰፈር ለሰፈር እያዞረ ሲያስለፍፍ ቆይቷል። የኮምቦልቻም ነጋዴ እንዲሁ ነው። በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ከፋዩ የከፈለበትን ነገር በዐይኑ ያያል፤ ታፔላው ተሰቅሎ እንደ ሆነ፣ መኪናው ዞሮ እንደ ሆነ፣ ድምፁም ተሰምቶ እንደ ሆነ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ማስታወቂያው ከአደባባይ ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያሳያሉ፤ ከዚያም አልፈው ለብዙ ሰው እንዲታይላቸው ገንዘብ ይከፍላሉ። ይህንንም በልማድ «ቡስት ማድረግ» ይሉታል። ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ለማን እንደሚደርስ፣ በምን ሒሳብ እንደሚቆረጥና ማስታወቂያው የታየው ለማን እንደ ሆነ ግን አብዛኛው ከፋይ አይጠይቅም። አንድ ኩንታል ስኳር ሲረከብ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ የሚያስተያይ ነጋዴ፣ ስለ ማስታወቂያው ሚዛን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ መክፈሉ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ

በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ገጽ ለተመልካቹ በነጻ የተከፈተ ነው። ዜናውን የሚያነብ፣ ዘፈኑን የሚያዳምጥ፣ የወዳጁን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ለባለገጹ አንዳች ሳንቲም አይከፍልም። ሆኖም ገጹን ለማዘጋጀት፣ መሣሪያውንም ለማቆም ከፍ ያለ ወጭ ይጠይቃል። ወጭውን የሚሸፍነው፣ ትርፉንም የሚሰጠው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነጋዴ ነው። እንግዲህ በዚህ ገበያ ለሽያጭ የሚቀርበው ሸቀጥ የተመልካቹ ዐይን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ባለገጹ ሻጭ፣ አስነጋሪው ገዥ፣ ተመልካቹ ደግሞ ሳይጠየቅ ሚዛን ላይ የወጣ ዕቃ ነው።

የዚህ ንግድ ዕድሜ ረጅም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ የተባለ የአሜሪካ ገጽ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለውን የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ በገጹ አናት ላይ እንደ ትንሽ ሰሌዳ አድርጎ አወጣ። በዚያን ጊዜ ነገሩ አዲስ ስለ ነበር፣ ሰሌዳውን ካዩት ሰዎች ከመቶው 44ቱ ያኽል ነክተው እንደ ከፈቱት ይነገራል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከመቶ ተመልካች አንዱን እንኳ ለማስነካት ይቸግረዋል። በዚህ መካከል የሆነው ነገር የዚህን ጽሑፍ ግማሽ የሚይዝ ስለ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ክፍያው በሦስት ዓይነት ይቆጠራል። አንደኛው ማስታወቂያው ሺህ ጊዜ በታየ ቁጥር የሚከፈል ነው። ሁለተኛው ተመልካቹ ማስታወቂያውን በጣቱ በነካ ቁጥር የሚከፈል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ተመልካቹ አንድ ነገር ሲፈጽም፣ ማለትም ሲገዛ፣ ሲመዘገብ ወይም መልእክት ሲልክ የሚከፈል ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው በሄዱ መጠን ኪሣራው ከነጋዴው ትከሻ ወደ ባለገጹ ትከሻ ይዛወራል። ስለዚህ ባለገጹ በመታየት መሸጥን፣ ነጋዴው በውጤት መግዛትን ቢመርጡ አያስደንቅም።

ዋጋው የሚቆረጠው በጨረታ ነው። ይህንን ያስጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ጎቱ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ጉግል በጥቅምት 2000 የራሱን አሠራር ከፍቶ አስፋፋው። አንድ ሰው በስልኩ ገጽ በከፈተ ቁጥር፣ ዐይኑን እስኪያርገበግብ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ያንን ቦታ የሚፈልጉ አስነጋሪዎች ሁሉ በመሣሪያ አማካይነት ይጫረታሉ። ይሁን እንጂ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው አይደለም። ጨረታውን የሚመራው መሣሪያ፣ ተመልካቹ ይህን ማስታወቂያ የመንካቱን ተስፋ ከማስታወቂያው ጥራት ጋር አስልቶ ከዋጋው ጋር ያዛምደዋል። በዚህም ምክንያት ተመልካቹ የሚወደው ማስታወቂያ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሊታይ ይችላል፤ የሚጠላው ደግሞ በብዙ ገንዘብ ጥቂት ይታያል። ነጋዴው ለፎቶግራፉና ለቃሉ የሚያወጣው ልፋት በቀጥታ ወደ ዋጋ ቅናሽ የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከተገኘው ገንዘብ ለባለገጹ የሚደርሰው ድርሻ እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ጉግል ከ2003 ጀምሮ በማናቸውም ሰው ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያስገባ ገንዘቡን ያካፍላል፤ አስነጋሪው ከከፈለው 100 ዶላር 68 ያኽሉ ለባለገጹ ይደርሳል። በዩቲዩብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያወጣ ሰው ከመቶው 55ቱን ይወስዳል። ቴሌግራምም ከመጋቢት 2024 ወዲህ ከ1,000 በላይ ተከታይ ካላቸው ቻናሎች ጋር የማስታወቂያውን ገቢ እኩሌታ ለመካፈል ተስማምቷል። እነዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የገበያውን ስፋት ለመገመት የሚሻ ሰው ሁለት ቁጥር ይበቃዋል፤ በ2024 ጉግል ከማስታወቂያ ብቻ ከ264 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ደግሞ 160 ቢሊዮን ያኽል አስገብቷል። የሜታ የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ 164 ቢሊዮን ያኽል ስለ ነበር፣ ይህ ኩባንያ ከሞላ ጎደል በማስታወቂያ ብቻ የሚኖር ነው ማለት ይቻላል።

የተመልካች ዐይን ዋጋ በሁሉ አገር አንድ አይደለም። አስነጋሪዎች ብዙ ገንዘብ በሚያወጡበት አገር የሚኖር ተመልካች ጨረታውን ከፍ ያደርጋል። በዋሽንግተን የሚኖር ወሎዬ አንድን የዩቲዩብ ዝግጅት ሲያይ ለአዘጋጁ የሚያስገባለት ገንዘብ፣ ያንኑ ዝግጅት በደሴ የሚያይ ወንድሙ ከሚያስገባለት ይበልጣል። ብዙ የአማርኛ ዝግጅት አቅራቢዎች በውጭ አገር የሚኖረውን ወገን ለመሳብ የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተራውን ወሬ «ሰበር ዜና» ብሎ፣ ያልሆነውንም እንደ ሆነ አድርጎ በርእስ የማስጮኽ ልማድ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ገንዘቡ የሚቆጠረው በመታየት እስከ ሆነ ድረስ፣ ተመልካቹ ከገባ በኋላ ቢናደድ ለአዘጋጁ ለጊዜው ግድ አይሰጠውም።

በአገራችን ከዚህ የጨረታ አሠራር ውጭ ሌላ ጥሩ ገበያ አለ። ብዙ ተከታይ ያላቸው የቴሌግራም ቻናሎች ማስታወቂያን በቀጥታ ተዋውለው በብር ይሸጣሉ። ለምሳሌ ቲክቫህ ኢትዮጵያ የተባለው ቻናል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው ሲሆን፣ በዜናው መካከል የባንኮችንና የልዩ ልዩ ድርጅቶችን ማስታወቂያ ያወጣል። ይህ አሠራር ቀድሞ በጋዜጣ ይሠራበት ከነበረው እጅግ አይርቅም፤ ከፋዩ ከማን ጋር እንደ ተዋዋለ ያውቃል፣ ማስታወቂያውም በየትኛው ሰዓት እንደ ወጣ ራሱ ያያል። በሌላ በኩል ሲታይ ግን የመላው አገር ተከታይ ያለው ቻናል ለአንድ የደሴ ጫማ ቤት የማይስማማ ሰፊ ልብስ ነው።

ተመልካቹ ምን ይላል?

ተመልካቹ ሚዛን ላይ የወጣ ዕቃ ነው ከላይ ተብሏል። ነገር ግን ይህ ዕቃ እግር አለው፤ ሲሰለቸው ይሸሻል።

የመጀመሪያው ሽሽት ዝምታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ቤንዌይና ሌን የተባሉ ሁለት የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በገጽ ላይ አንድ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች በጉልህ ቀለም የተጻፈውን ሰሌዳ ጨርሶ ሳያዩ ያልፉታል፤ የሚፈልጉት ነገር በዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንኳ አያገኙትም። ዐይን የማስታወቂያን መልክ ከለመደ በኋላ እንደ ግድግዳ ይቆጥረዋል። ይህን ለማስቀረት ሲባል ማስታወቂያው በግድ እንዲታይ ከገጹ ፊት በሌላ መስኮት እየዘለለ እንዲወጣ ተደረገ። የዚያን መስኮት አሠራር በ1990ዎቹ ከጻፉት ሰዎች አንዱ የሆነው ኢታን ዛከርማን በ2014 ሕዝቡን በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። ይህን የመሰለ ይቅርታ በማስታወቂያ ሥራ ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ሽሽት መከላከል ነው። በ2006 አድብሎክ ፕላስ የተባለው ማስታወቂያ ከልካይ መሣሪያ ወጥቶ ብዙ ሚሊዮን ሰው ጫነው። አፕል የተባለው የስልክ ሠሪ በ2015 በስልኮቹ ላይ እንዲህ ያሉ ከልካዮች እንዲሠሩ ፈቀደ፤ በሚያዝያ 2021 ደግሞ ማናቸውም ድርጅት የስልኩን ባለቤት ከገጽ ወደ ገጽ ለመከታተል አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። ብዙው ሰው አልፈቀደም። ሜታ ይህ ነገር በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚያሳጣው ራሱ አስታውቆ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከግንቦት 2018 ጀምሮ የግል መረጃን ያለ ፈቃድ መሰብሰብን በጥብቅ ሕግ ወስኗል፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የደንበኞቹን የስልክ ቁጥር ሰብስቦ ለማስታወቂያ የሚልክ ባለሱቅ ይህን አዋጅ ቢያነበው ይጠቀማል።

በእኛ አገር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርብ ሌላ ምክንያት አለ። ተመልካቹ የኢንተርኔት ጥቅሉን በገንዘቡ የገዛ ነው። ረጅም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ሳይጋበዝ ሲከፈትበት፣ የራሱን ጥቅል እየበላበት ነው የሚመለከተው። ሞንታርቦ የሚያስለፍፍ ነጋዴ ለቤንዚኑ ሰሚውን አስከፍሎ አያውቅም፤ የኢንተርኔት አስነጋሪ ግን ሳያውቀው እንዲህ ያደርጋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ቴሌግራሙን ሥዕል በራሱ እንዳያወርድ ይዘጋዋል፤ ጥቅል የሚቆጥብና ማስታወቂያ የሚከለክል እንደ ኦፔራ ሚኒ ያለ መክፈቻ ይይዛል፤ በዩቲዩብም አምስት ሰኮንድ እስኪሞላ በጣቱ ይጠባበቃል። ነጋዴው ከዚህ የሚማረው ነገር ቢኖር፣ አንድ ጥርት ያለ ፎቶግራፍና ሦስት መስመር ጽሑፍ ከሁለት ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የበለጠ ገዥ ዘንድ እንደሚደርስ ነው።

የአገራችን ተመልካች ከሁሉ ይልቅ የሚማረርበት ነገር ግን ጥቅሉ አይደለም፤ የዋጋው መደበቅ ነው። የጫማ ወይም የምንጣፍ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ከሥሩ አሥር ሰዎች «ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለአሥሩም «በውስጥ መስመር» የሚል መልስ ይሰጣል። ነጋዴው ይህን የሚያደርግበት ምክንያት የለውም አይባልም። ጎረቤቱ ዋጋውን አይቶ እንዳይቆርጥበት ይሠጋል፤ የምንዛሬው ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ የጻፈው ዋጋ እንዳይዘው ይፈራል፤ በተጨማሪም የጠያቂው ብዛት ማስታወቂያው በብዙ ሰው ዘንድ እንዲታይ ይረዳል ብሎ ያስባል። ጠያቂው ግን ሌላ ነገር ይረዳል። ፊቱን አይቶ፣ አነጋገሩን ሰምቶ፣ የሚኖርበትን ሰፈር ጠይቆ ዋጋ ሊቆርጥለት እንደ ሆነ ይጠረጥራል። በሰኞ ገበያ ፊት ለፊት ቆሞ መከራከር ባህል ነው፤ ገዥው ዕቃውን በእጁ ዳስሶ፣ ትቶ ለመሄድም እግሩን አንሥቶ ይከራከራል። በስልክ መልእክት ግን የሚዳስሰው ነገር ስለሌለ ክርክሩ ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ነጋዴውም ለዚያ ሰው ዐይን የከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

ሕጉም ቢሆን ዋጋ ደባቂውን የሚደግፍ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ደንግጓል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ የተጻፈውን ዋጋ በስልክ ላይ መደበቅ ትርጉም የሌለው ጥንቃቄ ነው። ምንዛሬ የሚያሠጋው ነጋዴ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ድረስ የጸና ነው» ብሎ ቢጽፍ ችግሩ ይቃለላል።

የወሎ ነጋዴ ሒሳብ

ማስታወቂያ አስነግሮ ገበያ የደራለት ሰው ሁሉ፣ ገበያው የደራው በማስታወቂያው ምክንያት ነው ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ታላላቅ ኩባንያዎችን ሳይቀር አታልሏል። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የመረብ ገበያ ስሙን የሚፈልግ ሰው ሁሉ ማስታወቂያውን እንዲያገኝ ለፍለጋ ገጾች ብዙ ገንዘብ ይከፍል ነበር። በ2012 ብሌክ፣ ኖስኮና ታደሊስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በኩባንያው ፈቃድ ይህን ማስታወቂያ በአንዳንድ ቦታ አስቁመው ውጤቱን መረመሩ። የተገኘውም ነገር፣ ማስታወቂያው በመቆሙ ይቀራሉ ከተባሉት መግቢያዎች ከመቶው 99.5ቱ ያለ ክፍያ በሌላው መንገድ ወደ ኢቤይ መግባታቸው ነበር። ኩባንያው ወደ ቤቱ ለሚመጣ እንግዳ የመንገድ መሪ እየቀጠረ ኖሯል ማለት ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የሳሙናና የንጽሕና ዕቃ አምራችም በ2017 በሦስት ወር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ቀንሶ፣ ሽያጩ በዚህ ምክንያት የሚታይ ጉዳት እንዳልደረሰበት ገልጿል።

የደሴ ባለሱቅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መቅጠር አያስፈልገውም። ለኢንተርኔቱ ማስታወቂያ ብቻ የሚያገለግል አንድ የስልክ ቁጥር ቢያወጣ፣ በታፔላው ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ቢሆን፣ የደወለውንና የገዛውን በደብተር ቢያሰፍር፣ ከዚያም ማስታወቂያውን ለሁለት ሳምንት አስነግሮ ለሁለት ሳምንት ቢያቆመው፣ ኢቤይ ያገኘውን መልስ በጥቂት ብር ያገኘዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ነጋዴ 6,000 ብር ከፈለ። ማስታወቂያው 40,000 ጊዜ ታየ፤ 400 ሰው ነካው፤ 30 ሰው ዋጋ ጠየቀ፤ 6 ሰው ገዛ። የሪፖርቱን ወረቀት የሚያሳየው ሰው 40,000ውን በጉልህ ጽፎ ያቀርባል። ነጋዴው ግን መመልከት ያለበት 6ቱን ነው፤ አንዱን ገዥ ለማግኘት 1,000 ብር ወጥቷልና። ዕቃው ጫማ ሆኖ ከአንዱ የሚተርፈው 600 ብር ከሆነ፣ ነጋዴው በዚህ ማስታወቂያ 2,400 ብር ከስሯል። ዕቃው ብርድ ልብስ ሆኖ ከአንዱ 2,500 ብር የሚተርፍ ቢሆን ደግሞ፣ ያው ማስታወቂያ ወጭውን ሸፍኖ 9,000 ብር ያተርፋል። ማስታወቂያው አንድ ሲሆን ለአንዱ ኪሣራ፣ ለሌላው ትርፍ ይሆናል። ርካሽ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው መንገዱ የሚያዋጣው ገዥው ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ቦታ ነው። ማስታወቂያ ሲከፈት ከተማውንና ዙሪያውን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን መምረጥ ይቻላል። ሥራውን የሚያከናውነው ሰው ግን ቁጥሩ እንዲያምር ሲል መላ ኢትዮጵያን ይመርጣል። ከጅማና ከድሬዳዋ የመጣ ብዙ «ላይክ» ለፒያሳው የመስኮት መጋረጃ ሻጭ እንጀራ አይሆንም። ከዚህ የከፋው ደግሞ «ላይክ» በጅምላ የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸው ነው። ፌስቡክ በ2019 የመጀመሪያ ሦስት ወራት ብቻ 2.2 ቢሊዮን የሐሰት ስሞችን እንደ ሰረዘ አስታውቋል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ መንደር የመጣ ተከታይ ምንጊዜም ገዥ አይሆንም።

ለኮምቦልቻ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ደንበኞቹ ጥቂት የውጭ አገር ገዥዎች ናቸው። እነርሱን ለመሳብ ለሕዝብ ዐይን መክፈል ገንዘብን በቦርከና ወንዝ ላይ እንደ መበተን ነው። ለእንደዚህ ያለው ላኪ የሚበጀው የዕቃውን ዓይነት፣ መጠንና የጥራት ምስክር ወረቀት በግልጽ የያዘ፣ ገዥው ፈልጎ የሚያገኘው የራሱ ገጽ ነው። በባቲና በሚሌ በኩል ከጅቡቲ መንገድ ለሚመጣው የከባድ መኪና ሹፌር ጎማና መለዋወጫ የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ ከስልኩ ይልቅ በመንገዱ ዳር የተተከለ ትልቅ ታፔላ ሳይሻለው አይቀርም፤ መሪ የያዘ ሰው ስልክ እንዲያይ አይመከርምና። ለባቲ የሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚያወርደው ሰውም ቢሆን አሮጌውን ጥሪ ለመተው መቸኮል የለበትም።

ስለ አከፋፈሉ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። እነ ፌስቡክና ጉግል የሚቀበሉት የውጭ ምንዛሬ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው የአገራችን ነጋዴ የሚከፍለው የውጭ አገር ካርድ ባላቸው አማላጆች በኩል ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ያኽል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በቀን 10 ዶላር ለአንድ ሳምንት የሚከፈልበት ማስታወቂያ በባንክ ተመን ሲሰላ 4,000 ብር ያኽል የነበረው ከ7,000 ብር በላይ ሆኗል ማለት ነው። አማላጁ የራሱን ዋጋ ይጨምራል፤ ይህ የድካሙ ዋጋ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፣ ነጋዴው በእርግጥ ስንት ዶላር ለማስታወቂያው እንደ ዋለ አለመጠየቁ ነው። የሒሳቡ ዝርዝር በመሣሪያው ውስጥ በዶላርና በሳንቲም ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ያንኑ ገጽ ከፍቶ እንዲያሳየው አማላጁን መጠየቅ መብቱ ነው። እንዲሁም የሱቁ ገጽ በአማላጁ ስም የተከፈተ እንዳይሆን ይጠንቀቅ፤ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ገጽ፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ መጋዘን ነው፤ በተጣሉ ቀን ደንበኛው ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል።

ደሴና ኮምቦልቻ ከሌላው ይልቅ የሚያውቁት ሌላ ሥጋትም አለ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ በሁለቱ ከተሞች በነበረበት ጊዜ ሱቁም፣ ስልኩም፣ ባንኩም አብረው ቆመው ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላው አገር ታግደው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእገዳው ወራት ብዙ ሰው ቪፒኤን በሚባለው መሻገሪያ ይገባ ነበር፤ መሻገሪያው ግን ሰውየውን በጀርመን ወይም በካናዳ እንዳለ አስመስሎ ስለሚያሳየው፣ ለደሴ ተብሎ የተከፈለበት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ደሴ የተቀመጠውን ሰው ያጣው ነበር። ሱቁን በሙሉ በስልክ ላይ ያቆመ ነጋዴ በእነዚያ ወራት ደንበኞቹን የሚጠራበት መንገድ አልነበረውም። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር ጽፎ የያዘው ግን በተራ ጥሪና በአጭር መልእክት ሥራውን ለመቀጠል የተሻለ ዕድል ነበረው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 በጋዜጣና በራዲዮ የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት ገጽ የሚወጣውንም ማስታወቂያ ይመለከታል። የዕቃውን አገር፣ ዓይነትና ጥራት አሳስቶ መናገር፣ የተወዳዳሪን ዕቃ ማጣጣል የተከለከለ ነው። የቱርክ ያልሆነውን ምንጣፍ የቱርክ ነው ብሎ በስልክ ላይ የጻፈ ሰው፣ ጽሑፉን ቢያጠፋው እንኳ ገዥው ቀድሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሊይዘው እንደሚችል አይዘንጋ።

የቀረው ነገር ወቅት ነው። ዋጋው በጨረታ የሚቆረጥ ስለ ሆነ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለዒድና ለአረፋ ሳምንት ሲቀር ሁሉም ሻጭ በአንድ ጊዜ ይጫረታል፤ የአዲስ አበባ ታላላቅ ድርጅቶችም በዚያው ተመልካች ላይ ይጫረታሉ። በዚያ ሳምንት ያንኑ ሺህ ተመልካች ለማግኘት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ብር ይጠይቃል። የበዓል ልብስና የቤት ዕቃ የሚያስነግር የደሴ ነጋዴ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ፣ በመጨረሻው ሳምንት ግን የጠየቁትን ሰዎች በስልክ እየጠራ ቢሸጥ ገንዘቡን ይቆጥባል።